በሆዴ ላይ የተቆጠረችው ጨረቃ

በላ አልበላ ሆዱ ተነፍቶ የሚውል ልጅ ያላት እናት ካለች፣ ይህን የምጽፈው ለእሷ ነው። ሌላው ቢያነበው አልከለክልም፤ ለሌላው ብዬ ግን እንዲህ አልደክምም ነበር። በስተርጅና ፊደል የቆጠርኩ ሴት ነኝ፤ እጄ ቶሎ ይዝላል፣ ወገቤም ብዙ መቀመጥ አይወድም። ነገሩን ሳስታውሰው ደግሞ ዛሬም ይደክመኛል። ሰው ከዳነ በኋላ ሕመሙን ይረሳዋል ይባላል። እኔም ሕመሙን ረስቼዋለሁ። መጠበቁን ነው ያልረሳሁት።

ጊዜው ጣልያን ደሴን ከያዘ በኋላ ነው። ቤታችን ከኮምቦልቻ ወጣ ብሎ፣ ክረምት ክረምት የቦርከና ድምፅ የሚሰማበት ሜዳ ላይ ነበር። አባቴ ሰይድ በበቅሎ ጨው እየጫነ የሚነግድ ሰው ነበር፤ የጣልያን ካሚዮን መንገዱን ሲይዘው በቅሎዎቹ ሥራ ፈቱ፣ እሱም ለመንገዱ ድንጋይ ፈለጣ ገባ። "እንጀራዬን ለቀማኝ መኪና ምንጣፍ አነጥፋለሁ" እያለ በራሱ ይቀልድ ነበር። እናቴ ዘሃራ ትባላለች፤ እኔ ከድጃ ነኝ። የተወለድኩበትን ቀን የጻፈው የለም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነኝ ነው። በዘመኑ ልማድ ታጭቼ ነበር፤ ከወንዙ ማዶ ለሚኖር፣ ከእኔ ብዙም ለማይበልጥ ሙሄ ለሚባል ልጅ። ሠርጉ ግን ገና ነበር። እስካድግ ድረስ እናቴ ቤት እንድቆይ ሽማግሌ ተነጋግሮበታል።

የመጀመሪያውን ምልክት የነገረኝ መቀነቴ ነው። እናቴ ፈትላ ያሠራችልኝ መቀነት ወገቤን ዞሮ ዞሮ ጫፉ እስከ ጉልበቴ ይወርድ ነበር። ከክረምቱ በኋላ ጫፉ አጠረ። ታጥቦ የተኮማተረ መሰለኝ። ቀጥሎ ሁለት ጉርሻ እንደ ጎረስኩ መጥገብ ጀመርኩ። ገንቦ አዝዬ ሳጎነብስ በእምብርቴ ዙሪያ አንድ ነገር ወደ ታች ይጎትተኛል፤ ሕመም አይባልም፣ ክብደት ነው። ፊቴ ከሳ፣ ክንዴ ቀጠነ፣ ሆዴ ብቻ ወፈረ። የሰፈሩ ልጆች "ሆዳሟ" ብለው ሰየሙኝ። በልቼ ቢሆን እኮ ደግ ነበር።

እናቴ "የኮሶ ትል ነው" ብላ እንቆቆ ወቅጣ በባዶ ሆዴ አጠጣችኝ። ሆዴ ውስጥ የነበረው ሁሉ ወጣ፤ እብጠቱ ግን ቀረ። አንዴ ደግማ ሞከረች፣ ያው ነው። ከዚያ በኋላ ትኩሳት ያዘኝና ነገሩ ሁሉ ወደ ጣፊያ ዞረ። የኛ አገር እንደ ደሴ ብርድ አይደለም፤ ክረምት ሲወጣ ወባ ያልጎበኘው ቤት አይገኝም፤ ወባ የደጋገመው ሰው ጣፊያው እንደሚያብጥ ደግሞ ሕፃን ሁሉ ያውቃል። መድኃኒቱ መተኮስ ነው። ጣፊያ በመተኮስ የታወቁ አንድ ሽማግሌ ተጠሩ። መጡ፣ ዳበሱኝ፣ የማጭዳቸውን ጫፍ እሳት ውስጥ ከተቱ።

"ጣፊያ ነው፤ ወላሂ ካልተተኮሰ ይፈነዳል" አሉ።

እናቴ ራሴን ታቅፋ ዓይኔን በሻሿ ሸፈነች። በግራ ጎኔ በኩል ተኮሱኝ። ስለ እሱ ብዙ አልጽፍም፤ የተተኮሰ ያውቀዋል። በማግሥቱ እናቴ ቁስሉን ልትቀባ ልብሴን ስትገልጥ እብጠቱ በስተቀኝ በኩል ተቀምጧል። ሽማግሌው ተመልሰው መጥተው አዩት፤ ጥቂት አሰቡና "ፈርቶ ሸሽቷል፤ እንከተለዋለን" አሉ።

አባቴ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ "እስኪደክመው ልትከተሉት ነው? ልጄ እኮ ናት የምታልቀው" አላቸው። ማጭዱ ሳይግል ቀረ። አባቴን ብዙ ነገር እቆጥርበት ይሆናል፤ በዚያች ቃል ግን ሁልጊዜ እመርቀዋለሁ።

ከወታደር ሰፈሩ ዳር የአገሬውም ሰው የሚታይበት የሕክምና ድንኳን ነበር። አባቴ የጣልያን ደጅ መርገጥ ሞቱ ነው፤ ታናሽ ወንድሙ በጦርነቱ ቀርቷል። ያም ሆኖ ወሰደኝ። ፀሐይ ላይ ተሰልፈን ዋልን። ድንጋይ ጣቱን የጨፈለቀው፣ ልጇ ተቅማጥ የያዘባት፣ ዓይኑ የጠፋ፣ ሁሉም መሬት መሬት ያያል። ተራችን ሲደርስ ወጣቱ ሐኪም ልብሴን እንድገልጥ በአስተርጓሚው በኩል ጠየቀ።

"የታጨች ልጅ ናት፤ ሆዷን ባዕድ ወንድ አያይም" አለ አባቴ።

ሐኪሙ ተከራክሮ የሚረታበት ጊዜ አልነበረውም፤ ከኋላችን ያለው ሰልፍ ረዥም ነው። በልብሴ ላይ እጁን አሳርፎ በግራ በኩል ጫን ጫን አደረገ። የተተኮሰው ቁስል ገና ስለነበር ጮህኩ። "ወባ ነው፤ ጣፊያዋ አብጧል" ተባለና ኪኒን ተሰጠን። ሐሞት የመሰለ ኪኒን። እውነቱን ለመናገር ትኩሳቴን አውርዶልኛል፤ ሆዴን ግን አላወቀውም። እንግዲህ የኛም ሽማግሌ፣ የነሱም ሐኪም አንድ ነገር ተናገሩ ማለት ነው፤ ሁለት ሰው አንድ ነገር ሲናገር ደግሞ ሰው ሦስተኛ አይጠይቅም።

ለዒድ ለታጨች ልጅ ከወንዱ ወገን ልብስ ይመጣል። የሙሄ እናት እትዬ ሐዋ አዲስ ቀሚስ ይዘው መጡ። ረዥም፣ ቀጥ ያሉ፣ ሲስቁ ጥርሳቸውን የማያሳዩ ሴት ነበሩ። "ልበሺውና ልይሽ" አሉኝ። ቀሚሱ ትከሻዬ ላይ ሰፋ፣ ሆዴ ላይ አልደርስ አለ። እትዬ ሐዋ ፈገግታቸውን እንደያዙ መዳፋቸውን ሆዴ ላይ አሳረፉ። በዚያው ቅጽበት እኔ ወደ ጎን ዘወር አልኩ፤ በሆዴ ውስጥ ያለውም ነገር አብሮኝ ከመዳፋቸው ሥር ተንሸራተተ። እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሳቡት። ቀሚሱን አስወልቀው፣ አጥፈው፣ መልሰው ይዘውት ሄዱ።

ይህን ስጽፍ ወጣት አንባቢ እንዳይገርመው ልንገር። በዚያ ዘመን ሆዷ ገፍቶ፣ በውስጡም የሚንቀሳቀስ ነገር የተዳሰሰባት ልጃገረድ አንድ ስም ብቻ ነው ያላት። እናቴ ማታ ብቻዬን አስቀምጣ "ልጄ፣ ያስቸገረሽ ሰው አለ?" ብላ ጠየቀችኝ። "የለም" አልኳት። ምን እንደ ጠየቀችኝ እንኳ አጥርቼ አላወቅሁም። "አላህ ያውቃል" አለችና ከዚያ ወዲያ ዳግመኛ አልጠየቀችኝም። ከሰው ሁሉ ያመነችኝ እሷ ብቻ ናት።

የሁለቱ ወገን ሽማግሌዎች ዋርካው ሥር ተቀመጡ። ነገሩን ሲያመላልሱት ዋሉ፤ ማታ ላይ ፍርዱ ተሰማ። ጨረቃ ይቆጠር። ልጅ ከሆነ ይወለዳል፤ ካልሆነ ጨረቃዋ ዘጠኝ ጊዜ ወጥታ ስትጠልቅ ልጅቱ ንጹሕ ናት፣ እጮኝነቱም እንዳለ ነው። እስከዚያ ድረስ ግን ባለመድኃኒት አይያት፣ ሐኪም አይያት። ለምን ቢባል፣ መድኃኒት ቀመሰች ከተባለ "አስወረዷት" ይባላል፤ ያን የሚያጠራ ምስክር ደግሞ በምድር ላይ የለም። አባቴ እጁን ዘርግቶ "መርሐባ" አለ፣ ተቀበለ ማለት ነው። ስሜን የጠበቀልኝ መስሎት ነው። ሽማግሌዎቹም ክፉ ሰዎች አልነበሩም፤ በፍርዳቸው መሐል ታማሚ መኖሩን ብቻ ነው የረሱት።

ከዚያ መጠበቅ ሆነ። ውሃ አልወርድም፣ ገበያ አልወጣም፣ ሠርግ ቤት አልታይም። አዲስ ጨረቃ በታየች ቁጥር እትዬ ሐዋ ወንዙን ተሻግረው ይመጣሉ። ሰላምታ ይሰጣሉ፤ "አስሰላሙ ዐለይኩም፣ እንዴት ከረማችሁ" ይላሉ፤ መዳፋቸውን በቀሚሴ ላይ አድርገው ጥቂት ይቆያሉ፤ ከዚያ ተነሥተው ይሄዳሉ። ሌላው ሰው አዲስ ጨረቃ ሲያይ ዱዓ ያደርጋል። እኔ ደመና ይሸፍናት ብዬ እለምን ነበር።

ክብደቱ ቀስ በቀስ ወደ ሕመም ተለወጠ። በጀርባዬ ስተኛ ትንፋሽ ያጥረኛል፤ በጎኔ ስተኛ ያ ነገር ቀድሞኝ ይተኛል። ሌሊት ላይ ሆዴ የሚፈነዳ እየመሰለኝ በሁለት እጄ ይዤው አድር ነበር። ቀን ቀን እናቴ አጥሚት በትንሽ በትንሹ ታጠጣኛለች፤ ቀሚሴ በጠበበ ቁጥር ጎኑን እየተረተረች ከራሷ ነጠላ ቀዳ ትጥፍበታለች። በመጨረሻ የእሷ ነጠላ አለቀ፣ የእኔ ቀሚስ ሰፋ። አባቴ ሳያውቅ የሰፈሩን ሴቶች ሰብስባ ወዳጃ አስቀመጠች፤ እየተቀባበሉ ዱዓ አደረጉልኝ። አንዷ አሮጊት ስትወጣ ጉንጬን ዳብሳ "አብሽሪ ልጄ" አለችኝ። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቤታችን ሰው ውጭ የነካኝ ደግ እጅ ያ ብቻ ነው።

እናትና አባቴ ተጣልተው አያውቁም ነበር፤ በእኔ ምክንያት ተጣሉ።

"አንቱ፣ ልጅቱ እየሞተችብን ነው" አለች እናቴ።

"ትንሽ ነው የቀረው፣ ዘሃራ። ብትሞትም ንጹሕ ሆና ትሞታለች።"

"ንጹሕ ሬሳ ምን ያደርግልኛል?"

አባቴ ወጥቶ ሥራ ካጡት በቅሎዎቹ ጋር ቆመ። በግድግዳው ቀዳዳ አየዋለሁ፤ የአንዷን አንገት ደግፎ ብዙ ቆየ።

የመጨረሻዋ ጨረቃ ጠለቀች። ሽማግሌዎቹ ሰው እንዳይጠራጠር ብለው ጥቂት ቀን አስጨመሩ፤ ከዚያ ተሰበሰቡ። እትዬ ሐዋ ለመጨረሻ ጊዜ ዳበሱኝና ወደ ደጅ ወጡ። ድምፃቸው ይሰማኛል።

"ልጅ አይደለም" አሉ፤ "በአላህ ፊት እመሰክራለሁ። ልጅቱ ንጹሕ ናት።"

ሴቶቹ እልል አሉ። አባቴ ሙክት አሳረደ። ጎረቤቱ ሁሉ፣ ዘጠኝ ጨረቃ ሙሉ ደጃችንን ያልረገጠው ወንድ ሁሉ፣ መጥቶ አባቴን አቀፈው። እኔ ከቤቱ ጀርባ ተንበርክኬ አረንጓዴ እያስመለስኩ ነበር። ውሃ እንኳ አልረጋልኝ አለ፤ ሆዴ እንደ ከበሮ ተወጥሮ እየቆረጠ ይይዘኛል፣ ይለቀኛል፣ ይይዘኛል። እልልታውን እሰማለሁ። ስሜ ድኖ እኔ ስሞት ታወቀኝ፤ የተሰማኝ ግን ፍርሃት አልነበረም፣ ድካም ነበር። እንዲህ ለሆነ ነገር ነው እንዴ የጠበቅነው አልኩ።

አባቴ ሊጠራኝ ሲመጣ እንደዚያ ሆኜ አገኘኝ። ተሸክሞ ወደ ሕዝቡ መሐል ወሰደኝና ቆመ።

"አሁን የሚናገረኝ አለ?" አለ። ሽማግሌዎቹን አንድ በአንድ አየ። "እንግዲያው ደሴ ይዣት ልወጣ ነው።" ቀጥሎ ወደ እትዬ ሐዋ ዞረ። "እርስዎም አብረውኝ ይውጡ። ዛሬ ንጹሕ ናት ያሏት ልጅ፣ ነገ ደሴ ሄዳ አስወረደች እንዳትባል። ሆዷ ቢከፈት የእርስዎ ዓይን በዚያ ይኑር።"

እትዬ ሐዋ ሻሻቸውን አጥብቀው አሰሩ። "እወጣለሁ" አሉ።

አባቴ፣ እናቴና እትዬ ሐዋ በበቅሎ እስከ መኪናው መንገድ አደረሱኝ። አባቴ ራሱ ድንጋይ በፈለጠበት መንገድ ዳር ቆሞ ሲሚንቶ ለጫነ ካሚዮን እጁን ዘረጋ። ጣልያኑ ሾፌር አቆመ፤ ፊቴን አየና አንድም ሳይጠይቅ ከሲሚንቶው ላይ ባዶ ጆንያ አነጠፈልን። በሐረጎ ዳገት በየጠመዝማዛው ሳስመልስ መኪናውን ቀስ ያደርገው ነበር። አባቴ ያን ሰው በጦርነቱ ምክንያት ሊጠላው ይፈልግ ነበር፤ ዳገቱ እስኪያልቅ ድረስ ሲታገል ቆይቶ ስንወርድ "አላህ ይስጥህ" አለው። ሾፌሩ አልገባውም፤ አባቴም ሁለተኛ አልደገመውም።

ደሴ ስንደርስ ብርዱ አጥንቴ ውስጥ ገባ። ሆስፒታሉ ለአገሬው ሰው የተለየ በር ነበረው፤ በበሩ ፊት ሰው በግድግዳው ሥር ተኮልኩሎ ይጠብቃል። ከሰኞ ገበያ ጭነቱን ጥሎ የመጣ ነጋዴ ነበር፣ አራስ ነበረች፣ ለመነሣት አቅም ያጣ ነበር። ተራ አላስጠበቁንም። ነጭ የለበሰች መነኩሲት ዓይኔን ገለጥ አድርጋ አየችና ወደ ውስጥ አስገባችን። ሐኪሙ ትምባሆ ጣቶቹን ያበለዘው፣ ከእኛ ባልተናነሰ የደከመው ሽማግሌ ነበር። አስተርጓሚው የሐማሴን ሰው ነው፤ ቃሉ ረጋ ያለ።

"ሆዷን ልየው ይላል" አለ አስተርጓሚው።

አባቴ አፉን ከፈተ፤ ልማዱን ሊናገር ነበር። እትዬ ሐዋ ቀደሙት። "ይገለጥ" አሉ። ነጠላቸውን አውልቀው ከአንገቴ እስከ አባቴ ፊት ድረስ እንደ መጋረጃ ዘረጉት። ሐኪሙ ቀሚሴን ገለጠ። ያን ሁሉ ጊዜ ሆዴን በብርሃን አይቶ የመረመረኝ የመጀመሪያው ሐኪም እሱ ነው።

የተተኮስኩበትን ጠባሳ አይቶ ራሱን ነቀነቀ። በግራ ጎኔ አስተኛኝ፤ እብጠቱ ወደ ግራ ሄደ። በቀኝ ጎኔ አስተኛኝ፤ ወደ ቀኝ ተከተለኝ። ወደ ላይና ወደ ታች ገፋው፤ እምቢ አለው። ከዚያ ቀና ብሎ ለአስተርጓሚው ተናገረ።

"ጣፊያ እንዲህ አይዞርም ይላል። አንጀቷ ላይ ውሃ የቋጠረ ከረጢት ይመስለኛል፤ አሁን አንጀቷን አንቆታል። ዛሬ ካልወጣ ትሞታለች። ደግሞ ይጠይቃል፣ እንዲህ ሲንቀሳቀስ እስከ ዛሬ ያወቀ ሰው የለም ወይ?"

እትዬ ሐዋ ከነጠላው በላይ ቀና ብለው ሐኪሙን አዩት።

"እኔ አውቃለሁ" አሉ። "ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ሕፃን የሚገላበጥ መስሎኝ።"

አስተርጓሚው ይህን ተረጎመ አልተረጎመ እንጃ። ብዙ ጊዜ አስቤበታለሁ። ያስወነጀለኝ ያ መንቀሳቀስ ነው፤ ያስታወቀኝም ያው መንቀሳቀስ ነው። አንድ ምልክት ነበር፤ የተሳሳተ ሰው ጋ ቀድሞ ደረሰ።

አባቴ የወንድሙን ሞት አላነሣም፤ ግን ፊቱ ላይ አየሁት። አንዴ ወደ ሐኪሙ እጅ፣ አንዴ ወደ እኔ አየ። "ለአላህ ሰጥቻታለሁ፤ ክፈቱ" አለ። መነኩሲቷ አፍንጫዬ ላይ ኤተር የነካ ጨርቅ አደረገች። እሱ የሚያስተኛ መድኃኒት ነው፤ ሽታው ጣፋጭ ሆኖ ያቅለሸልሻል። እናቴ ከበሩ ውጭ ስሜን ስትጠራ ሰማሁ፤ ልመልስላት ስል ሌላ ምንም አላስታውስም።

ቀጣዩን ከእናቴ ነው የሰማሁት። ሁለቱ ሴቶች ከበሩ ሥር ጎን ለጎን ተቀምጠው ቆዩ። ሲመሽ አስተርጓሚው ምስክሯን ጠራ፤ አባቴ ለምኖ ነበርና። መነኩሲቷ በነጭ የቆርቆሮ ሳህን ከረጢቱን ይዛ ወጣች። መካከለኛ ቅል ያህላል፤ ስስ ነው፤ ተቀድዶ ወተት የመሰለ ፈሳሽ ወጥቶታል። ከእሱ ጋር ተጣብቆ የጠቆረ ስንዝር የምታህል አንጀት አለች። እትዬ ሐዋ ጎንበስ ብለው አዩት።

እናቴ ያን ሁሉ ጊዜ ያላወጣችውን አንድ ቃል ያኔ አወጣችው። "ይኸውልዎ" አለቻቸው፤ "ስም ያውጡለት።"

እትዬ ሐዋ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ሻሻቸውን ፊታቸው ላይ ጣሉ።

ስነቃ ጥማት ብቻ ነበርኩ። አንጀቴ ተቆርጦ ስለተቀጠለ ውሃ ክልክል ነው ተባለ። ለምኜ ለምኜ ድምፄ ጠፋ። እናቴ ልመናዬን መስማት አልቻለችም፤ እየወጣች ታለቅስ ነበር። እትዬ ሐዋ አልወጡም። ጨርቅ በውሃ እያራሱ ከንፈሬን ይነኩኛል፤ ሲደርቅ መልሰው ያርሱታል። መዳፋቸውን አውቀዋለሁ፤ ጨረቃ በወጣች ቁጥር ሆዴ ላይ ያረፈው መዳፍ ነው። አሁን ግን ከሆዴ ርቆ ከንፈሬ ላይ ብቻ ነበር።

"ልጄ" አሉኝ፤ "አፉ በይኝ።"

ይቅር በይኝ ማለታቸው ነው። እኔ ዝም አልኩ። ጉሮሮዬ ደርቆ ነው ብዬ ለሰው ተናግሬያለሁ፤ አልነበረም። ገና አልወጣልኝም ነበር።

መዳን እንደሚወራው አይደለም። ቁስሉ በአንድ በኩል መግል ያዘ፤ መነኩሲቷ በየዕለቱ ፋሻውን ስትቀይር ጥርሴን ነክሼ የአልጋውን ብረት እይዝ ነበር። የመጀመሪያውን ማንኪያ ሾርባ ሲያጠጡኝ እንዳላስመልስ ሁሉም ትንፋሹን ይዞ ያየኝ ነበር። ረጋልኝ። አስተርጓሚው ከኪሱ ስኳር አውጥቶ በወረቀት ጠቅልሎ ሰጠኝ። አባቴ አንዷን በቅሎ ሸጦ ደሴ ከኛ ጋር ቆየ፤ ማታ ማታ ሆስፒታሉ አጥር ሥር ካሉት አስታማሚዎች ጋር ያድር ነበር። አንድ ቀን ቀጥ ብዬ ቆሜ ስሄድ አየኝና ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ።

ልንወጣ ስንል ሐኪሙ አባቴን ጠርቶ ሁለት ነገር ነገረው። ከረጢቱ ሙሉ ለሙሉ ወጥቷል፣ ክፉ ዕጢ አይደለም፤ ግን ሆዷ እንደገና ቢያብጥ አንድ ቀን ሳታሳድሩ አምጧት። ሁለተኛው፣ ስታድግ ትወልዳለች። ከብዙ ዓመት በኋላ አንድ የኛው አገር ወጣት ሐኪም ጠባሳዬን አይቶ የሕመሙን ስም ነገረኝ፤ ሲስት ይሉታል። አንጀትን ከጀርባ ጋር የሚያያይዝ መጋረጃ መሳይ ሥጋ አለ፤ በእሱ ላይ ፈሳሽ የሚቋጥር ከረጢት ነው። ልጆች ላይ አልፎ አልፎ ይታያል እንጂ ብዙ አይገኝም። ካንሰር አይደለም፤ በመድኃኒት አይጠፋም፤ በጊዜው በቀዶ ጥገና ከወጣ ልጁ ይድናል። "ቀደም ብለው ቢመጡ ኖሮ አንጀትዎ አይቆረጥም ነበር" አለኝ። አዎ፣ ቀደም ብዬ ብመጣ።

ቤት ከገባን በኋላ የሙሄ ወገን ያንኑ ቀሚስ ጎኑን አስጠብበው መልሰው ላኩ። አባቴ በዘመኑ አባት የማያደርገውን አደረገ፤ እኔን ጠየቀኝ። "ምን ልበላቸው?" አለ።

"እነሱም ይጠብቁ" አልኩት። "ጨረቃ ይቁጠሩ።"

አባቴ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ሳቀ። ካመመኝ ጀምሮ ሲስቅ ያየሁት ያኔ ነው። በቅሎዎቹ ጋ ሄዶም ይስቅ ነበር። የሙሄ ወገን ጠበቁ። ዘጠኝ ጨረቃ ብቻ አይደለም፤ ጣልያን እስኪወጣ፣ እኔም አድጌ በራሴ አንደበት እሺ እስክል ጠበቁ። ሙሄ ደህና ሰው ሆኖ ተገኘ። እትዬ ሐዋን "አፉ ብያለሁ" ያልኳቸው በሠርጌ ማግሥት ነው፤ ያን ቀን ወጣልኝ።

የተከፈተ ሆድ አይወልድም ይል ነበር አገሩ። ሲቆይ ግን መቀነቴ እንደገና አጠረ። እኔ ፈራሁ። ልጅ ይሁን ከረጢት አላውቅም፤ ሁለቱም አንድ ዓይነት ነው የሚጀምሩት። የሐኪሙን ማስጠንቀቂያ እያወቅሁ ለማንም ሳልናገር ሰነበትኩ። አንድ ማታ ደጅ ተቀምጠን አዲስ ጨረቃ ወጣች። ጎረቤታችን ወደ ሆዴ አየት አደረገችና እትዬ ሐዋን "ስንተኛዋ ናት?" ብላ ጠየቀቻቸው።

እትዬ ሐዋ አርጅተው ነበር። ወደ ጨረቃዋ ቀና አላሉም፣ እጃቸውንም ወደ ሆዴ አልዘረጉም።

"እኔ ጨረቃ አልቆጥርም" አሉ። ከዚያ ወደ ልጃቸው ዞሩ። "ሙሄ፣ በቅሎዋን እደጅ አሳድራት። ነገ ደሴ እንወጣለን።"

በማግሥቱ ወጣን።